የስኳር ሕመምተኞች በክትትል ላይ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በመሀል አዲስ አበባ፣ በጥቁር አንበሳም ይሁን በዘውዲቱ ወይም በየካቲት 12 ሆስፒታል፣ የስኳር ክትትል ያለው ሰው ስለ ሕክምናው ሲጠየቅ ሁለት መልስ አለው። ግቢው ውስጥ «ተመስገን፣ ጥሩ ነው» ይላል፤ ታክሲ ውስጥ ሲገባ ምሬቱን ይዘረግፈዋል። ምሬቱ ብዙ ጊዜ እውነት አለው። ሆኖም በሕመምተኛው በኩል የሚስተካከልም አይጠፋም።

ለሐኪሙ «ደህና ነኝ» ማለት

«እንዴት ሰነበቱ?» ሐኪም ሲናገረው ሰላምታ ብቻ አይደለም። የእግር መደንዘዝ፣ ሌሊት ለሽንት መመላለስ፣ የዓይን መደብዘዝ፣ ሳይወጉ ያለፉት መርፌ፣ ሁሉም ትዝ የሚለው በሩ ከተዘጋ በኋላ ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባል የለ? ጊዜው አጭር ስለሆነ የሚያስጨንቅዎትን በወረቀት ጽፈው ይግቡ፤ የሚያሳፍረውን ያስቀድሙ። ዐቢይ ጾምን ወይም ረመዳንን ሊጾሙ ካሰቡም ጾሙ ሳይገባ ይንገሩ፤ የመድኃኒቱ መጠንና ሰዓት ሊቀየር ይችላል።

መድኃኒት ወስዶ በባዶ ሆድ መሰለፍ

ይህኛው አደገኛ ነው። ለደም ምርመራ ምግብ ሳይበሉ ይምጡ ሲባሉ፣ ኢንሱሊኑን ቤት ወግተው ይምጡ ማለት አይደለም። ማለዳ 12 ሰዓት ላይ ኢንሱሊን የወጋ ወይም ግሊቤንክላማይድ የተባለውን ስኳር የሚያወርድ ክኒን የዋጠ ሰው ቁርስ ሳይቀምስ 4 ሰዓት ከሆነበት ላብ ያጠምቀዋል፣ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ነገር ይምታታበታል። ስኳሩ ከ70 በታች የወረደ ሰው ይነጫነጫልም፤ ካርድ ክፍል መስኮት ላይ ከሚነሳው ጭቅጭቅ ጥቂቱ ከዚህ የሚመጣ ይመስለኛል። የጠዋቱን መድኃኒት መቼ እንደሚወስዱ ቀድመው ሐኪምዎን ይጠይቁ፤ ቁርስዎንም ቋጥረው ይምጡ። ምልክቱ ከታየብዎ ምርመራው ይቅር፦ ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጠው ይጠጡ፣ ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደገና ይለኩ፣ አጠገብዎ ላለ ነርስም ይናገሩ።

ለቀጠሮ ሲባል ብቻ መጠንቀቅ

ቀጠሮው ሲቃረብ እንጀራ ቀንሶ፣ ስኳር የበዛበትን ሻይ ትቶ፣ በባዶ ሆድ 110 ማስመዝገብ ይቻላል። ኤችቢኤዋንሲ የሚባለው ምርመራ ግን ያለፉትን ሁለትና ሦስት ወራት የደም ስኳር አማካይ ስለሚያሳይ አይሸነገልም። ለብዙ አዋቂዎች ግቡ ከ7 በመቶ በታች ነው። ሁለቱ ቁጥሮች አልገጥም ሲሉ «ሐኪሙ አያምነኝም» ብሎ መቀየም አይገባም።

ሕክምናን በወረፋ ፍጥነት መመዘን

«ዛሬስ ቶሎ ለቀቁኝ» ብሎ የሚያመሰግን አለ። ነርሷ ካልሲ አስወልቃ ጣቶቹ መሀል ስትመለከት ግን ሰዓቱን እያየ ይቆጣል። በዓመት ቢያንስ አንድ ጊዜ እግርዎ ተፈትሿል? ዓይንዎስ? ሽንትዎ ለኩላሊት ጉዳት ተመርምሯል? ካልሆነ፣ ቅሬታ የሚነሳው እዚህ ላይ ነበር።

መጠይቅን በይሉኝታ መሙላት

ነጭ ጋውን የለበሰ ወጣት ወረቀት ይዞ «በአገልግሎቱ ምን ያህል ረክተዋል?» ሲል፣ አብዛኛው ሰው «በጣም» ይላል። ልጁን ላለማስከፋት የሚል አለ፤ ሕክምና እንዳይከለከል የሚፈራም አለ። እንዲህ ያለ ጥናት በፈቃድ የሚሞላ ነው፤ አልሞላም ማለትም መብት ነው። መሙላት ከፈቀዱ ግን እውነቱን ይንገሩት። የሆስፒታሉ መድኃኒት ቤት «ኢንሱሊን የለም» ብሏቸው ከውጭ በራሳቸው ገንዘብ የገዙ አባት፣ ደረሰኙ ኮታቸው ኪስ ውስጥ እያለ፣ «የታዘዘልዎትን መድኃኒት እዚህ አግኝተዋል?» ሲባሉ «አዎ ልጄ» ይላሉ። ወጣቱም «አዎ» የሚለው ላይ ምልክት ያደርጋል፤ በመዝገቡ ኢንሱሊኑ አልጠፋም። መልሱ «አላገኘሁም፣ ከውጭ ገዛሁ» ነው፤ የከፈሉትን ዋጋ ቢጨምሩበት ደግሞ የተሻለ።