ስለ ቢራ የሚጽፍ ሰው ለመሆን፦ ትምህርቱን ከሐረርና ከድሬዳዋ መጀመር

በአማርኛ ስለ ቢራ የሚነበበው አብዛኛው ጽሑፍ ወይ የፋብሪካ ማስታወቂያ ወይ የአክሲዮንና የግብር ዜና ነው። ጠርሙሱ ውስጥ ያለው መጠጥ ከምን እንደ ተጠመቀ፣ ለምን እንደ መረረ፣ ባለፈው ወር ጥሩ የነበረው ዛሬ ለምን እንደ ተበላሸ ለጠጪው በቅጡ የሚያስረዳ ጽሑፍ ግን ብዙም አይገኝም። ይህን ሥራ መያዝ የሚፈልግ ሰው የግድ አዲስ አበባ መግባት አይጠበቅበትም። ሐረርና ድሬዳዋ በመካከላቸው ያለው መንገድ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆንም በአየር ጠባይ እጅግ የተለያዩ ናቸውና፣ በእኔ እምነት ለጀማሪ የቢራ ጸሐፊ ከብዙ ከተሞች የተሻሉ መማሪያዎች ናቸው።

ከሁሉ አስቀድመው አጠማመቁን ይወቁ። ፋብሪካ ከመሄድዎ በፊት ጠላ ከሚጠምቁ እናት ፈቃድ ጠይቀው ሥራውን ከጥንስሱ ጀምረው ይከታተሉ። ጋኑ በግራዋ ታጥቦ በወይራ ሲታጠን፣ የተወቀጠው ጌሾ በውሃ ተዘፍዝፎ ሲሰነብት፣ ብቅሉ ሲገባ፣ ኋላም እንኩሮው ተጨምሮ ድፍድፉ ሲብላላ እያዩ ማስታወሻ ይያዙ። «እትዬ፣ ጌሾው ስንት ቀን ይቆያል? ብቅሉ ቢበዛ ምን ይሆናል? ሊኮመጥጥ መሆኑን በምን ያውቃሉ?» ብለው ይጠይቁ። ዕድሜ ልካቸውን የጠመቁ እናት የሚሰጡት መልስ በኋላ ለፋብሪካው ባለሙያ የሚያቀርቡትን ጥያቄ ያበስልልዎታል።

በፋብሪካ የሚሆነውም በመሠረቱ ከዚህ ብዙ አይርቅም። የተፈጨ ብቅል ከ62 እስከ 68 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሞቀ ውሃ ውስጥ ሲቆይ፣ በብቅሉ ያሉት ኢንዛይሞች ስታርቹን ወደ ስኳር ይለውጡታል። የተጣራው ፈሳሽ መራራነት በመስጠት የጌሾን ቦታ ከሚይዘው ሆፕስ ከተባለ ተክል ጋር ይፈላል፤ ከዚያም ቀዝቅዞ እርሾ ይገባበታል። ከ7 እስከ 13 ዲግሪ ባለው ቅዝቃዜ ቀስ ብሎ የሚብላላው ላገር ሲሆን፣ ከ15 እስከ 24 ዲግሪ ባለው ሙቀት ፈጥኖ የሚብላላው ኤል ይባላል። በአገራችን በብዛት የሚሸጠው ላገር ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው አፍንጫንና ምላስን ማሠልጠን ነው፤ ጊዜዎንም ከሁሉ ይልቅ ለዚህ ይስጡ። የማምረቻ ቀናቸው አንድ የሆነ ሦስት የላገር ጠርሙሶች ይግዙ። አንዱን 1,900 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ባለችው ሐረር ቀዝቃዛና ጨለማ ጓዳ ውስጥ፣ ሁለተኛውን 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው ድሬዳዋ ሙቀት በሚበረታበት ክፍል ለሁለት ወር ያስቀምጡ። ሦስተኛው ከመጀመሪያው ጋር ሐረር ቆይቶ፣ በመቅመሻው ዋዜማ ከጠዋት እስከ ማታ ፀሐይ ይምታው። ከዚያ ሦስቱንም እኩል አቀዝቅዘው፣ የትኛው የትኛው እንደ ሆነ ሳያውቁ ሌላ ሰው በንጹሕና ተመሳሳይ ብርጭቆዎች ይቅዳልዎት።

ሙቀት ያገኘው ቢራ የእህል ሽታው ደብዝዞ እርጥብ ካርቶን ካርቶን ይላል፤ በጠርሙሱ ውስጥ የቀረው ጥቂት ኦክስጅን ከሙቀቱ ጋር አስረጅቶታል። በየ10 ዲግሪው ጭማሪ ይህ እርጅና ከሁለት እስከ ሦስት እጥፍ እንደሚፈጥን ይታወቃል። ፀሐይ የመታው ደግሞ ብርሃኑ የሆፕሱን መራራ ውሁዶች ስለሚሰባብር ድኝ ድኝ የሚል ክፉ ሽታ ያወጣል። ቡናማ ጠርሙስ ይህን በእጅጉ ይከላከላል፣ አረንጓዴውና ነጩ ግን ደካማ ናቸው። እነዚህን ሁለት ሽታዎች አንድ ጊዜ ጎን ለጎን ያሸተተ ሰው ከዚያ በኋላ አይስታቸውም። የተቀቀለ በቆሎ፣ ቅቤና ያልበሰለ አፕል የሚሸቱ ቢራዎችም አሉ፤ በላገር ውስጥ እነዚህ በአብዛኛው በአጠማመቁ ጊዜ የተፈጠሩ ጉድለቶች ናቸው። ሲንግልም ሆነ ጃምቦ ድራፍት አዝዘው ኮምጣጤ ኮምጣጤ ካለዎት ደግሞ በየሁለት ሳምንቱ መታጠብ የነበረበት የድራፍቱ ቱቦ ሳይታጠብ መሰንበቱን ይጠርጥሩ።

ይህን ሁሉ መለየት ያስፈለገው ለፍትሕ ሲባል ነው። ጠማቂው በትክክል የሠራው ቢራ በጭነት መኪና ላይ ወይም በሱቅ ደጃፍ ተደርድሮ ሊበላሽ ይችላል፤ ይህን ሳያጣሩ ፋብሪካውን የሚወቅሱ ጸሐፊ የሰው ድካም ያለ አግባብ ያጎድፋሉ። ስለዚህ አንድ ቢራ መጥፎ ነው ብለው ከመጻፍዎ በፊት የማምረቻ ቀኑን ይመልከቱ፣ ከሌላ ሱቅ ሌላ ጠርሙስ ገዝተው ይቅመሱ፣ የት ተቀምጦ እንደ ነበረም ይጠይቁ።

ሲጽፉ «ቆንጆ ነው»፣ «ይመቻል» የሚሉትን ቃላት ይተዉ፤ ለአንባቢው የሚነግሩት ነገር የለም። ስታውት ስለሚባለው ጥቁር የቢራ ዓይነት ሲጽፉ ለምሳሌ እንዲህ ማለት ይቻላል፦ «ቀለሙ ወደ ጥቁር ያደላ ቡናማ ነው፤ አረፋው ማኪያቶ መልክ አለው፣ ብርጭቆው እስኪጋመስም አልጠፋም። መጀመሪያ የተቆላ ገብስ፣ ትንሽ ሞቅ ሲል የቡና ሽታ ይመጣል። መራራነቱ ከተዋጠ በኋላ ምላስ ላይ ይቆያል፣ ጣፋጭነቱ ግን ቶሎ ይሄዳል።» ቡና ሲቆላ እያሸተተ ያደገ የሐረርጌ አንባቢ ይህን ወዲያው ይረዳል። እጅግ የቀዘቀዘ ቢራ ሽታውን ስለሚደብቅ፣ ስታውትን ከማቀዝቀዣ አውጥተው ጥቂት ደቂቃ ይታገሡት።

ታሪኩንም አይዝለሉት። የሐረር ቢራ ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1984 ተመሠረተ፤ እ.ኤ.አ. በ2011 የኔዘርላንዱ የቢራ ኩባንያ ሄኒከን ከበደሌ ቢራ ጋር ከመንግሥት ገዛው። ሐረር ቢራ፣ ሐኪም ስታውትና አልኮል የሌለው ሶፊ የዚሁ ፋብሪካ ስሞች ናቸው። ክራፍት ቢራ የሚባለው ግን በትንንሽና ራሳቸውን በቻሉ ጠማቂዎች የሚዘጋጀው ነው፤ በዚያው ቦታ ጠምቆ በዚያው ቦታ መሸጥ ምን እንደሚመስል ለማየት አዲስ አበባ ሲሄዱ በጀርመን ዘይቤ የሚጠምቀውን ቢር ጋርደንን ይጎብኙ። የቢራ ዓይነቶችን በሥርዓት ለማጥናት እ.ኤ.አ. በ1985 የተቋቋመው የአሜሪካ የቢራ ዳኞች ማረጋገጫ ፕሮግራም ያዘጋጀው መመሪያ በነፃ ይገኛል፤ እንግሊዝኛው ቢከብድም በትዕግሥት ይነበባል።

የሚቀምሱትን ቢራ በራስዎ ገንዘብ ይግዙ። ፋብሪካ ወይም አከፋፋይ በነፃ ከሰጠዎት ይህንኑ በጽሑፉ መጀመሪያ ላይ ይግለጹ፤ በካሳ ቢራ ከመጣ ግን መመለሱ ይሻላል። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 አልኮልን በሬዲዮና በቴሌቪዥን ማስተዋወቅንና ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላው ሰው መሸጥን ስለሚከለክል፣ ጽሑፍዎ ወደ ማስታወቂያ እንዳያዘነብል ይጠንቀቁ። በሐረርም ሆነ በድሬዳዋ ብዙ ጎረቤቶችዎ በሃይማኖታቸው ምክንያት አልኮል አይጠጡም፤ ስለ ቢራ ያውቃሉና ይጻፉ እንጂ ማንንም ወደ መጠጥ አይጋብዙ። ለመቅመስም ከብርጭቆ ሩብ ያህል ይበቃል፤ ማስታወሻው የሚጻፈው ሳይሰክሩ ነው።

ገቢው መጀመሪያ ላይ ኑሮ አይሸፍንምና የያዙትን ሥራ አይልቀቁ። ለጋዜጣ ወይም ለመጽሔት አዘጋጅ ሲያቀርቡ ስለ ቢራ በአጠቃላይ የሚያወራ ጽሑፍ አይላኩ፤ ከላይ የተገለጸውን የሦስት ጠርሙስ ሙከራ ውጤት፣ ቀኑንና የተቀመጡበትን ቦታ ጠቅሰው፣ በሁለት ገጽ ጽፈው ይላኩ።