ለአውቶማቲክ መኪና ከመሪው ጀርባ ማርሽ መቀየሪያ በቤት ውስጥ እንዴት ይሰራል?

አባይ በረሃን በአውቶማቲክ መኪና የወረደ ሰው ያውቀዋል። ከጎሃ ጽዮን እስከ ድልድዩ ቁልቁለቱ አያልቅም፤ ከ1,000 ሜትር በላይ ነው የሚወረደው። ዲ ላይ ጥሎ ፍሬን ብቻ እየረገጠ የሚወርድ ሰው መሃል ላይ የፍሬን ሽታ ይቀበለዋል። መድኃኒቱ ማርሽ ቀንሶ መኪናውን ሞተሩ ራሱ እንዲይዘው ማድረግ ነው። ግን በየኩርባው አንድ እጄን ከመሪ አንስቼ ካምቢዮ መነካካቱ ሰለቸኝ። ስለዚህ ከመሪው ጀርባ በጣት የሚሳቡ ሁለት ምላሶች ሰራሁ። ቀኙ ማርሽ ይጨምራል፣ ግራው ይቀንሳል። ፓድል ሺፍተር የሚሉት ይኸው ነው።

ነገሩ የመጣው ከእሽቅድምድም ነው። ፌራሪ እ.ኤ.አ. በ1989 ፎርሙላ ዋን ላይ ይዞት ቀረበ፤ ናይጄል ማንሰልም ብራዚል ላይ በመጀመሪያው ውድድሩ አሸነፈበት። የእኛው በጣም ይቀላል። የካምቢዮውን ሆድ ዕቃ አንነካም፣ ኮምፒውተሩንም አንነካም።

መኪናችሁ ይሆናል ወይ?

የካምቢዮውን እጀታ እዩት። ከዲ ጎን ፕላስና ማይነስ የተጻፈበት መስመር ካለ ግማሹ ስራ አልቋል። እጀታውን ወደ ፕላስ ስትገፉት ከስር አንዲት ትንሽ ማይክሮ ስዊች ትጫናለች፣ ለካምቢዮው ኮምፒውተር "አንድ ጨምር" የሚል ምልክት ትልካለች። በቃ፣ ሌላ ምንም የለም። እኛ የምንሰራው ለዚያች ስዊች መንትያ ነው። ኮምፒውተሩ የትኛዋ እንደተጫነች አይለይም። የማይሆን ነገር ብትጠይቁትም እምቢ ይላል፤ በ100 ኪሎ ሜትር ፍጥነት 1ኛ ማርሽ ብትሉት አይሰማችሁም። ይህን መንገድ የወደድኩት ለዚህ ነው።

ፕላስና ማይነስ ከሌለውስ? ብዙዎቹ የድሮ ቪትዞችና ኮሮላዎች የላቸውም። በእነሱ ላይ ለመስራት ካምቢዮው ውስጥ ያሉትን ሶሌኖይዶች (በኤሌክትሪክ የሚከፈቱና የሚዘጉ ትንንሽ ቫልቮች) በራስ ማዘዝ ይጠይቃል። ለምሳሌ በድሮ ቶዮታዎች ላይ ያለው ኤ340ኢ ካምቢዮ ማርሽ የሚቀይርባቸው ሁለት ሶሌኖይዶች አሉት። አንደኛው ብቻ ኃይል ሲያገኝ 1ኛ፣ ሁለቱም ሲያገኙ 2ኛ፣ ሁለተኛው ብቻ ሲያገኝ 3ኛ፣ ሁለቱም ሲጠፉ 4ኛ። የድሮው ጂፕ ቼሮኪ ወንድም ካምቢዮ አለው፤ አሜሪካ ውስጥ በዚህ መንገድ የሰሩበት ሰዎች አሉ። ግን እዚያ እምቢ የሚል የለም። ጣታችሁ ከተሳሳተ ሞተሩ ዋጋውን ይከፍላል። ከዚህ በታች ያለው ለእነሱ አይደለም።

ምን ያስፈልጋል?

ረዘም ያለ ምላስ ያላቸው ሁለት ማይክሮ ስዊቾች፣ 2 ሚሊ ሜትር የአሉሚኒየም ላሜራ፣ ሁለት ትንንሽ ማጠፊያ፣ የቁም ሳጥን በር መዝጊያ ማግኔት ከነብረቱ፣ ቀጭን ባለ ሦስት ገመድ፣ ብሎንና ዳዶ። ከመሳሪያ ካቻቢቴ፣ ትራፓኖ፣ ሞረድ፣ ሳልዳቶሬ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ሙልቲሜትር (የኤሌክትሪክ መለኪያ)። አዲስ አበባ ላለ ሰው መርካቶን አንድ ቀን መዞር ይበቃል።

1. ሽቦዎቹን ማግኘት

ከባዱ ይሄ ነው፣ አትቸኩሉ። በካምቢዮው ዙሪያ ያለውን ፕላስቲክ ፍቱ። በብዛት በክሊፕ ነው የሚያዘው፤ የካቻቢቴውን ጫፍ ጨርቅ ካልጠቀለላችሁበት ፕላስቲኩን ይጭረዋል። ከእጀታው ስር የሚወጣ ሶኬት ታገኛላችሁ።

የእጅ ፍሬን ያዙ። ቁልፉን አብሩ፣ ሞተር ግን አታስነሱ። እጀታውን ወደ ፕላስና ማይነሱ መስመር አስገቡ። ሙልቲሜትሩን 20 ቮልት ዲሲ ላይ አድርጋችሁ ጥቁሩን ጫፍ ቀለም በሌለው የቦዲ ብሎን ላይ አስነኩ። በቀዩ ከሶኬቱ ጀርባ ሽቦዎቹን አንድ በአንድ ለኩ። የምትፈልጉት ዝም ሲል 12 ቮልት አካባቢ፣ አንዳንዱ መኪና ላይ ደግሞ 5፣ የሚያሳይ፤ እጀታው ሲገፋ ግን ወደ ዜሮ የሚወርድ ሽቦ ነው። አንዱ ለፕላስ፣ አንዱ ለማይነስ። ቀለማቸውን በስልክ ፎቶ አንሱ። በኋላ "ቡኒው ነበር አረንጓዴው?" ማለት አይቀርም።

ቁጥሩ ዜሮ ሳይደርስ መሃል ላይ ከቆመ መስመሩ ሬዚስተር አለበት፤ በቀጥታ ከቦዲ ጋር አታገናኙት። ጭራሽ ካልተንቀሳቀሰ ደግሞ ምልክቱ በሌላ መንገድ ነው የሚሄደው። በሁለቱም ሥራውን እዚያው አቁሙና ለመኪና ኤሌክትሪክ ባለሙያ አሳዩ።

ላሜራ ከመቁረጣችሁ በፊት አንድ ሙከራ አለ። በእያንዳንዱ መስመርና በቦዲ መካከል ለጊዜው ተራ የደወል ማብሪያ ግጠሙ፣ አጠገባችሁ ሰው አስቀምጡ፣ እጀታውን በፕላስና ማይነሱ መስመር አድርጋችሁ ባዶ መንገድ ላይ 30 ኪሎ ሜትር አካባቢ እየነዳችሁ "ጫን" በሉት። ክሩስኮቱ ላይ የማርሹ ቁጥር ከተቀየረ መንገዱ ትክክል ነው።

2. ምላሶቹን መስራት

መጀመሪያ በካርቶን ቁረጡ። መሪውን እንደወትሮው ይዛችሁ ጣታችሁ ያለ ጭንቀት የሚደርስበትን ቦታ ፈልጉ። የሚያስቸግሩት የፍሬቻና የዝናብ መጥረጊያ ዘንጎች ናቸው፤ ምላሱ በእነሱና በመሪው መካከል ማለፍ አለበት። የእኔ የመጀመሪያው ካርቶን ፍሬቻ ባሳየሁ ቁጥር ማርሽ ይቀንስ ነበር። ልኩ ሲገኝ ወደ ላሜራው ገልብጡትና ጠርዙን በሞረድ አድቦልቡሉት። አደጋ ቢመጣ ስለታም ነገር እጅና ጉልበት አጠገብ መኖር የለበትም።

መሪው ላይ ግን አትግጠሙ። መሪው ውስጥ ኤርባግ አለ፣ ከስሩም ከመሪው ጋር የሚጠቀለል ስስ ገመድ አለ። እኛ የምንገጥመው በማይዞረው በኩል፣ በመሪው ዘንግ ሽፋን ላይ ነው። ለነገሩ የማይዞር ምላስ ኩርባ ላይ ለማግኘትም ይቀላል።

ሽፋኑን ከመፍታታችሁ በፊት የባትሪውን ማይነስ ነቅላችሁ ጥቂት ደቂቃ ጠብቁ። ቢጫ ሶኬት ካያችሁ የኤርባግ ነው፤ አትንኩት። ፕላስቲኩ ብቻውን አይችልም፤ ከውስጥ በኩል ቁራጭ ላሜራ አድርጉለትና ብሎኑ ሁለቱንም ይያዝ። ማጠፊያውን በዚያ ላይ እሰሩ፣ ስዊቿን ምላሱ ሲሳብ በሚነካት ቦታ ላይ።

3. ሞላ ወይስ ማግኔት?

እኔ በሞላ ጀመርኩ። ከእስክሪብቶ ውስጥ የወጣ፣ ለስላሳ። አስፋልት ላይ ያማረ ነበር። ሰፈሬ ኮብልስቶን ስገባ መኪናው ብቻውን ማርሽ መጨመር ጀመረ! መንገዱ ሲያንቀጠቅጠው ምላሱ ስዊቿን ይመታት ኖሯል። ያን ጊዜ ነው ወደ ቁም ሳጥን ማግኔት የዞርኩት። ማግኔት አሉሚኒየም ስለማይስብ አብሮት የሚመጣውን ትንሽ ብረት ምላሱ ላይ አሰርኩ። ማግኔቱ ምላሱን አጥብቆ ይይዘዋል፣ ስትስቡት ቀጭ ብሎ ይለቃል፣ ስትለቁት ይመለሳል። ጣት ላይ ያለው ስሜትም ሌላ ነው።

4. ማገናኘት

ስዊቿ ሦስት እግር አላት። የምንፈልገው ሳትጫን የማይገናኙትን ሁለቱን ነው፤ በሙልቲሜትሩ ድምፅ ለዩዋቸው። የሁለቱን ስዊቾች አንዳንድ እግር አንድ ላይ አስራችሁ ከካምቢዮው ሶኬት የቦዲ ሽቦ (ከመኪናው አካል ጋር ከተያያዘው) ጋር አገናኙ። የቀሩትን አንዱን ከፕላሱ፣ አንዱን ከማይነሱ ሽቦ ጋር። የመኪናውን ሽቦ አትቁረጡ፤ ትንሽ ልጡት፣ በሳልዳቶሬ በይዱት፣ በናስትሮ በደንብ ጠቅልሉት። ገመዱ ከፔዳሎቹና ከሚዞረው የመሪ ዘንግ ርቆ ይለፍ። መሪያችሁ ከፍና ዝቅ የሚል ከሆነ ትንሽ ትርፍ ተዉለት።

5. መሞከር

ባትሪውን መልሱ፣ ቁልፉን አብሩ፣ የክሩስኮት መብራቶችን እዩ። የኤርባግ መብራት በርቶ ከቀረ አትንዱ፣ ወደ ባለሙያ ውሰዱት። ሁሉም ደህና ከሆነ መሪውን እስከ ጥጉ ግራና ቀኝ አዙሩ፣ ፍሬቻም አሳዩ፤ ምንም ነገር መነካካት የለበትም። ከዚያ ባዶ ሜዳ ላይ። በብዙ መኪና ምላሶቹ የሚሰሩት እጀታው በፕላስና ማይነሱ መስመር ሲሆን ብቻ ነው፤ ዲ ላይ ዝም ቢሉ ተበላሹ ማለት አይደለም።

ከአንድ ወር በኋላ ሽፋኑን አንዴ ከፍታችሁ ብሎኖቹን ነካ ነካ አድርጉ። የእኔ የግራው ዳዶ ላልቶ ነበር፤ አሁን ከስሩ ዋሸር አለው።