ሲሞሱከስን አዞ ሳታስመስሉ ለመሳል

ሲሞሱከስን ልትስሉ የአዞ ፎቶ ከፍታችሁ ከሆነ መጀመሪያ እሱን ዝጉት። ይሄ የአዞ ዘመድ ከ70 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ማዳጋስካር ውስጥ የኖረ፣ ርዝመቱ 75 ሴንቲ ሜትር አካባቢ የሆነ የየብስ እንስሳ ነው። ስለዚህ ውሃ ውስጥ አትክተቱት።

ከፊቱ ጀምሩ፣ ዋናው ሥራ እዚያ ነው። ረጅም አፍ የለውም። ፊቱ አጭርና ሰፊ ሆኖ ከፊት ደፍጠጥ ብሎ ያልቃል። አፉን ከፍታችሁ የምትስሉት ከሆነ የአውሬ ጥርስ እንዳትሰጡት አደራ! ጥርሶቹ ቅጠል የሚመስሉ፣ ጠፍጠፍ ያሉና ጫፋቸው ላይ ትንንሽ ሹል ነገሮች የተደረደሩባቸው ናቸው፤ ተመራማሪዎች ዕፅዋት በል ሳይሆን አይቀርም የሚሉትም በዋናነት በነሱ ምክንያት ነው። የአዞ ዘመድ ሆኖ ቅጠል መብላቱ እኔን ሁሌም ይገርመኛል።

ሰውነቱን ሰፋ፣ ጅራቱን አጠር አድርጉት። ረጅም ጅራት ከሳላችሁለት ያው አዞ ሆነ ማለት ነው።

ከዚያ ጥሩሩ ይቀራል። ትዕግሥት የሚጠይቀው እሱ ነው፤ ምክንያቱም የአጥንት ሳህኖቹ ጀርባውን ብቻ ሳይሆን ሆዱን፣ ጅራቱን፣ የእግሮቹንም ከፊል ይሸፍናሉ። ሆዱን ልሙጥ አድርጋችሁ አትለፉት። ቀለሙ ግን በቅሪተ አካሉ ላይ ስላልቀረ የደስ ያላችሁን ቀቡት።