ነጠላ ጫፍ ላይ የተቋጠረ ኪኒን፦ የመርሳት በሽታ መድኃኒት ሲሞከር የምንሠራቸው ስህተቶች

እማሆይ አያቴ ናቸው። ደብረ ማርቆስ ከእኛ ጋር ነው የሚኖሩት። ዳዊቱን ዛሬም በቃላቸው ይደግማሉ፤ ምሳ መብላታቸውን ግን አያስታውሱም። ሐኪሙ «አልዛይመር ሳይሆን አይቀርም» ብሎ ዶኔፔዚል የሚባል ኪኒን አስጀመራቸው። «ለጥቂት ወራት እንሞክረው፤ እናንተ እየተከታተላችሁ ትነግሩኛላችሁ» አለን።

ነገሩን ቀላል አድርገን ነው የሰማነው። ራስ ምታት የያዘው ሰው ኪኒን ውጦ ተሻለኝ ወይም አልተሻለኝም ይላል። የመርሳት በሽታ ያለበት ሰው ግን ትናንት እንዴት እንደዋለ አያስታውስም። ስለዚህ ምስክሩ ቤተሰብ ነው። ምስክሩ ከተሳሳተ ሙከራው ገደል ገባ። በጥናት መልክ የሚደረገው ትልቁ ሙከራም ከዚህ አያመልጥም። እኛ የተሳሳትነውንና ሌላው ሲሳሳት ያየሁትን ልንገራችሁ።

«ዳዊት እየደገሙ ምን ሆኑ ይባላል?»

አጎቴ አንድ ዓመት ሙሉ የተከራከረን በዚህ ነው። በሽታው አስቀድሞ የሚበላው አዲሱን ትውስታ ነው፤ በልጅነት የተማሩት ቆይቶ ነው የሚነካው። ዋሸራ የተማረ መሪጌታ ቅኔውን እየዘረፈ የቤቱ መንገድ ሊጠፋበት ይችላል። የጠፋው ዓመት ደግሞ ተመልሶ አይመጣም። ሌካኔማብና ዶናኔማብ የሚባሉት አዳዲሶቹ መድኃኒቶች የተሞከሩት በሽታው ገና ጅምር ላይ ባለ ሰው ነው። ያውም አሚሎይድ የሚባለው ፕሮቲን አንጎሉ ውስጥ መከማቸቱ በምርመራ ተረጋግጦ። በሽታው ከጠና በኋላ የመጣ ሰው አይገባበትም።

ቀን ጠይቆ «አያውቁም» ማለት

የማስታወስ ፈተና አለ፣ ከ30 የሚታረም። አንድ ወጣት ጠያቂ «ቀኑ ስንት ነው?» አላቸው። «ሚካኤል» አሉ። ሊሰርዝ እስክሪብቶውን አነሣ። ቀኑ እኮ 12 ነበር! «ዓመተ ምሕረቱስ?» ሲላቸው «ማቴዎስ» አሉ። 2017 ዘመነ ማቴዎስ ነው፤ ልክ ናቸው። ቀጥሎ ዓረፍተ ነገር ይጻፉ ተባሉ። እማሆይ ማንበብ እንጂ መጻፍ አልተማሩም፤ በእሳቸው ዘመን የቆሎ ትምህርት ቤት ደጃፍ ላይ ያደገች ሴት ይህን ካገኘችም ዕድለኛ ናት።

ሦስት ነጥብ እንዲህ በዋዛ ሊሄድ ነበር። ዶኔፔዚል ደግሞ በስድስት ወር የሚያመጣው ልዩነት በዚሁ መለኪያ በአማካይ አንድ ነጥብ ገደማ ነው። የአጠያየቅ ስህተቱ ከመድኃኒቱ ጉልበት በለጠ ማለት ነው። እና ጠያቂው አገሩን የማያውቅ ከሆነ አብሮ የገባው ቤተሰብ ይንገረው። መንገር አልኩ እንጂ ማስኮረጅ አላልኩም። አክስቴ ከጠያቂው ኋላ ቆማ መልሱን በከንፈሯ ስትጠቁማቸው ነበር።

ምስክር መቀያየር

ለሁለተኛው ቀጠሮ አጎቴ ከአዲስ አበባ መጥቶ ነበርና እሱ ይዟቸው ገባ። «እንዴት ናቸው?» ሲባል «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ናቸው» አለ። ይሄ እኛ አገር ሰላምታ እንጂ መረጃ አይደለም። ሌሊት ሦስቴ ተነሥተው በር እንደሚከፍቱ የምታውቀው እናቴ ናት፤ እሷ ቤት ቀርታለች። በትልልቆቹ ጥናቶችም ዋናው ውጤት ብዙ ጊዜ የሚሰላው በሽተኛውንና አብሮት የሚውል አንድ ሰው በየተራ ጠይቆ ነው። ያ ሰው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ይሁን። የተከበረው ወይም የተማረው ሳይሆን አብሮ የሚያድረው።

አሁን እናቴ ደብተር ይዛለች። «ሐሙስ፦ ሽሮው ላይ ስኳር ጨመሩ። ዓርብ፦ ስሜን ጠሩ።» ቡና ላይ ጨው ቢሆን አትጽፈውም ነበር፤ እሱ የድሮ ልማዳቸው ነው።

መዋጡን ሳያዩ ተዋጠ ማለት

ኪኒኑን ጠዋት ጠዋት እንሰጣቸዋለን። ዐቢይ ጾም ገባ። እማሆይ ተቀብለው «እግዜር ይስጥልኝ» ይላሉ፣ እኛም ወደ ሥራችን እንሄዳለን። አንድ ቅዳሜ እናቴ ነጠላቸውን ልታጥብ ስትዘረጋው ጫፉ እንደ ገንዘብ ተቋጥሯል። ፈታችው። አሥራ አንድ ኪኒን። ዘጠኝ ሰዓት ሲያፈጥሩ ሊውጡት ያስቀመጡት ነው፤ ዘጠኝ ሰዓት ሲደርስ ግን ማን ያስታውስ?

ሰኞ ቀጠሮ ነበረን። ሐኪሙ ለውጥ ስላላየ ከ5 ሚሊግራም ወደ 10 ሊያሳድገው ነው። እኔ በሐፍረት ዝም ልል ምንም አልቀረኝም። ዝም ብል ኖሮ፣ በደንብ ያልለመዱትን መድኃኒት እጥፍ አድርገን በየቀኑ ልናስውጣቸው ነበር። ይሄ መድኃኒት ያስመልሳል፣ ያስቀምጣል፣ የልብ ምትንም አዘግይቶ ራስ እስከማሳት ሊደርስ ይችላል። ተናዘዝኩ። ሐኪሙ ሳቀና መጠኑን ሳይነካ ሰዓቱን ወደ ማታ አዞረው፤ ከምግብ ጋርም ሆነ ያለምግብ ይዋጣል። በጥናት ውስጥ ያላችሁ ደግሞ የተረፈውን ኪኒን እንዳትጥሉ። የሚቆጥሩት ሊቆጧችሁ አይደለም።

አብሾ

ጎጃም ላይ ይሄን ሳያነሡ ማለፍ አይቻልም። አንድ ጎረቤት «አእምሮ ይከፍታል» ብለው በጠርሙስ ይዘውልን መጡ። ብዙ ሰው አብሾ የሚለው ከአስተናግር ፍሬ የሚዘጋጀውን ነው። አስተናግር ውስጥ አትሮፒንና ስኮፖላሚን አለ። ዶኔፔዚል አንጎል ውስጥ አሴቲልኮሊን የሚባለው መልእክተኛ ቶሎ እንዳይፈርስ ይከላከላል፤ ስኮፖላሚን ደግሞ የዚያኑ መልእክተኛ በር ይዘጋል። አንዱ ሲገፋ ሌላው ይጎትታል። እንዲያውም ተመራማሪዎች የማስታወስ መድኃኒት ለመፈተን ሲሉ በጤነኛ ሰው ላይ ጊዜያዊ መርሳት የሚፈጥሩት በዚሁ በስኮፖላሚን ነው። ጎረቤታችንን አመስግነን ጠርሙሱን ደፋነው። ጸበሉን ግን አልከለከልናቸውም፤ ኪኒኑን ካላስተዋቸው ምን አገባን።

«ካናዳ ያለው ልጅ አዲሱን ይላክልን»

ሌካኔማብ በ2023 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ሙሉ ፈቃድ ሲያገኝ ወሬው እኛም ሰፈር ደርሶ ነበር። ፈውስ ተገኘ ተባለ። የተሞከረው በ1795 ሰዎች ላይ ነው፣ ለ18 ወራት፤ ግማሾቹ የተሰጣቸው መድኃኒት የሌለበት ማስመሰያ ነበር። የበሽታውን ግስጋሴ በ27 በመቶ ገደማ አዘገየ። አላቆመም፣ የጠፋውንም አልመለሰም። በጥናቱ የተሰጠው በየሁለት ሳምንቱ በደም ሥር ነው፤ አንጎል ሊያሳብጥና ሊያደማ ስለሚችል ሐኪም በኤምአርአይ የአንጎል ምስል እያነሣ ይከታተለዋል። በሻንጣ የሚመጣ ነገር አይደለም። ጥናት ውስጥ የሚገባ ሰውም ማስመሰያው ሊደርሰው እንደሚችል አስቀድሞ ይወቅ። ለጥናት መግቢያ ገንዘብ ክፈሉ የሚል ካለ ደግሞ ተነሥታችሁ ውጡ።

«እሳቸው ምን ያውቃሉ፣ እኔ እፈርማለሁ»

የቤተሰብ ፊርማ በሽተኛውን ከመጠየቅ አያድንም። የገባውን ያህል ተነግሮት እሺ ማለት አለበት፤ ባሰኘው ጊዜም መውጣት ይችላል። ቃል ያጠረው ሰው በሰውነቱ እምቢ ይላል። መጀመሪያ ላይ የቫይታሚን ቢ12 እና የታይሮይድ ምርመራ ታዘዘላቸው፤ የሁለቱ ጉድለት መርሳት ያመጣል፣ ይታከማልም። ነርሷ ደም ልትቀዳ ስትል እማሆይ ክንዳቸውን ሰበሰቡ። እኔ «ግድ የለም፣ ውሰጂው» አልኩ። ነርሷ መርፌውን አስቀምጣ ፊታቸው በርከክ አለች። «እማሆይ፣ ልተወው?»

«ነገ» አሉ።

በማግስቱ ሄድን። እጅጌያቸውን ራሳቸው ሰበሰቡ።