ከደሴ ሆኖ ለሕግ ተማሪዎች የጽሑፍ ውድድርና ለፌሎሺፕ እንዴት መወዳደር ይቻላል?

ፍላሼን ይዤ ደሴ ፒያሳ አንድ ኢንተርኔት ቤት የገባሁት ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ ነበር። የድርሰት ውድድሩ ማስታወቂያ የመጨረሻው ሰዓት «12:00» ነው ይላል። ገና አንድ ሰዓት አለኝ ብዬ ተረጋግቼ ተቀመጥኩ። ገጹን ስከፍተው ማስገቢያው ተዘግቷል። ያ 12:00 የእኛ የምሽት 12 ሰዓት አልነበረም። የግሪንዊች እኩለ ቀን ነበር፤ በእኛ ከቀኑ 9 ሰዓት ማለት ነው። ሁለት ወር የለፋሁበት ጽሑፍ በሁለት ሰዓት ቀረ።

ስለዚህ ከሰዓቱ ልጀምር።

ሰዓቱንና ቀኑን መጀመሪያ ቀይሩ

የግሪንዊች ሰዓት (ጂኤምቲ) ላይ ሦስት ሰዓት ጨምሩ፤ ከዚያ ወደ እኛ አቆጣጠር ለውጡት። 23:59 ጂኤምቲ ከተባለ በእኛ በማግስቱ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ከ59 ነው። የመካከለኛው አውሮፓ ሰዓት ደግሞ ከእኛ አንዴ በአንድ፣ አንዴ በሁለት ሰዓት ወደኋላ ይቀራል። እነሱ በዓመት ሁለት ጊዜ ሰዓታቸውን ስለሚቀይሩ ነው። ቀኑንም በኢትዮጵያ አቆጣጠር ደብተራችሁ ላይ ጻፉት። ከዚያ ከዴድላይኑ ሁለት ቀን ቀንሱና የመጨረሻ ቀናችሁ እሱ ይሁን። መብራት ሊጠፋ ይችላል፤ ኔትወርክም እንደዚያው። በመጨረሻው ሰዓት ደግሞ ገጹ ራሱ ይጨናነቃል።

ማስታወቂያውን ከምንጩ አንብቡ

የቴሌግራም ቻናሎች ጥቆማ ለማግኘት ጥሩ ናቸው። ለደንቡ ግን አትመኗቸው። ሦስት ጊዜ ኮፒ የተደረገ ማስታወቂያ ላይ ዕድሜው፣ የቃላት ብዛቱ ወይም ዓመቱ ተሳስቶ ያጋጥማል። አዘጋጁ ራሱ ያወጣውን ደንብ አውርዳችሁ ከላይ እስከ ታች አንብቡት። የምዝገባ ክፍያ በአንድ ሰው የግል አካውንት ወይም በግል የሞባይል ገንዘብ ላክ የሚል ካለ ተዉት። አንዳንድ እውነተኛ ውድድሮች የቡድን መመዝገቢያ ያስከፍላሉ፤ ክፍያው ግን በደንቡ ላይ ተጽፎ በድርጅቱ ስም ነው የሚሆነው።

የቱ ለእናንተ ይሆናል?

ብዙ ተማሪ ሁሉንም አንድ ላይ «ስኮላርሺፕ» ይለዋል። አይደለም። የድርሰት ውድድር ብቻችሁን የምትጽፉት ነው። ብዙውን ጊዜ ወጪ የለውም፤ ለጀማሪም ይሄ ይሻላል ባይ ነኝ። የምስለ ችሎት ውድድር ደግሞ በቡድን ነው፤ መጀመሪያ የጽሑፍ ክርክር፣ ቀጥሎ የቃል። ከነዚህ ውስጥ ስሙ የገነነው ጄሳፕ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960 ነው የተጀመረው። ሁለት ምናባዊ አገሮች ዓለም አቀፉ የፍትሕ ፍርድ ቤት ፊት ይከራከራሉ፤ ቡድኑም ለከሳሽም ለተከሳሽም ይጽፋል። የአፍሪካ የሰብዓዊ መብቶች ምስለ ችሎት ከ1992 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የሚካሄድ ሲሆን፣ የሚያዘጋጀው የፕሪቶሪያ ዩኒቨርሲቲ የሰብዓዊ መብቶች ማዕከል ነው። ዛሬ በሰብዓዊ መብት ምሁሩ በክሪስቶፍ ሄይንስ ስም ይጠራል። ተወዳዳሪዎቹ ከየዩኒቨርሲቲው ሁለት ተማሪዎች ናቸው። ሁለት ጎበዝ ጓደኛሞችና አንድ ፈቃደኛ መምህር ካላችሁ እሱን ሞክሩ። የቡድኑ ስፋት ለእኛ የሚቻል ነው።

ፌሎሺፕ (ለምርምር፣ ለሥልጠና ወይም ለሥራ ልምድ የሚሰጥ ድጋፍ) እና ስኮላርሺፕ በአብዛኛው ከምረቃ በኋላ ነው። የእንግሊዝ መንግሥት የማስተርስ ስኮላርሺፕ የሆነው ቼቪኒንግ 2,800 ሰዓት የሥራ ልምድ ይጠይቃል፤ ስትጨርሱም ቢያንስ ሁለት ዓመት አገራችሁ ትመለሳላችሁ። ሦስተኛ ዓመት ሆኖ እሱን መሙላት ጊዜ ማባከን ነው። ግን ያ ሰዓት ከየት እንደሚሞላ ከአሁኑ ማሰብ ይቻላል። ከፕሪቶሪያው ማዕከል አንድ ነገር ልጨምር፤ በሰብዓዊ መብትና ዴሞክራሲ በአፍሪካ የሚሰጥ የአንድ ዓመት ማስተርስ አለው። ግማሹን ዓመት ፕሪቶሪያ፣ ግማሹን በሌላ አፍሪካዊ አገር አጋር ዩኒቨርሲቲ ትማራላችሁ። የሰብዓዊ መብት ዝንባሌ ላለው ተማሪ ከዚህ የተሻለ ግብ አላውቅም።

ጥያቄውን ማጥበብ፤ ከባዱ ይሄ ነው

የመጀመሪያ ጽሑፌ ርዕስ «ግሎባላይዜሽንና ሰብዓዊ መብት» ነበር። 3,000 ቃል። ግማሹ ትርጉም፣ ሩቡ ታሪክ፣ የቀረው «መንግሥታት ሊተባበሩ ይገባል» የሚል። ቋንቋውን ሦስት ጊዜ አርሜዋለሁ። ወደቀ።

ወረቀቱን ለአንዲት ለማውቃት ጠበቃ ሰጠኋት። አንብባ ስትጨርስ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ፦ «ይሄን የጻፍከው ደሴ ሆነህ ነው ናይሮቢ ሆነህ? ምኑም አይለይም እኮ።» ያን ቀን ተከፋሁ። ግን ልክ ነበረች። በዚያ ርዕስ ትልቅ ላይብረሪ ያለው ተማሪ ሁልጊዜ ይበልጠኛል። እሱ የማያየው፣ እኔ ግን በየቀኑ የማየው ነገር ላይ ብጽፍ ኖሮ ነገሩ ሌላ ነበር።

ምን እንደምል በምሳሌ ላሳያችሁ። ከደሴ ኮምቦልቻ የሚወርደውን መንገድ እናንተም ታውቁታላችሁ። ማለዳ ሐረጎ ላይ ጉሙ ገና ሳይገፈፍ የሠራተኛ ሰርቪሶች ተከታትለው ይወርዳሉ። ማታ ሺፍት ሲያልቅ ይመለሳሉ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 97 አሠሪው ባቀረበው ወይም ለዚሁ ብሎ በተከራየው የጋራ ማመላለሻ ወደ ሥራ ሲሄድ ወይም ሲመለስ የተጎዳ ሠራተኛ በሥራ ላይ አደጋ እንደደረሰበት ይቆጥራል። እስከዚህ ግልጽ ነው።

አሁን ጠበብ እናድርገው። አንዲት ሠራተኛ በአሠሪዋ ትዕዛዝ ትርፍ ሰዓት ቀረች። ስትወጣ ሰርቪሱ ሄዷል። በሚኒባስ ወደ ደሴ ስትመለስ አደጋ ደረሰ። የሥራ ላይ አደጋ ነው? የአንቀጹ ቃል ስለ ሰርቪስ እንጂ ስለ ሚኒባስ አያወራም። በሌላ በኩል ያው አንቀጽ የአሠሪውን ትዕዛዝ በመፈጸም ላይ እያለ፣ ከሥራ ቦታ ወይም ከመደበኛው ሰዓት ውጭም ቢሆን የተጎዳን ሠራተኛ ይሸፍናል። ጉዞው የትዕዛዙ ተከታይ ነው ልንል እንችላለን? አሠሪው ደግሞ «ትዕዛዙ በሩ ላይ አብቅቷል» ይላል። እዚህ ጋ ሁለት ወገን ያለው እውነተኛ ክርክር ተገኘ። የዓለም የሥራ ድርጅት በ1964 (እ.ኤ.አ.) ያወጣው 121ኛው ስምምነትም አገሮች የሥራ አደጋን ሲተረጉሙ በመንገድ ላይ የሚደርሰው አደጋ መቼ እንደሚካተት እንዲወስኑ ይጠይቃል። ስለዚህ ጉዳዩ የሐረጎ ብቻ አይደለም። ጄኔቫ የተቀመጠ ዳኛም ሊያነበው ይችላል።

ጥያቄያችሁ ጠቧል ወይ የሚለውን በሦስት ነገር ፈትኑት። በአንድ ዓረፍተ ነገር፣ በጥያቄ ምልክት መጻፍ ይቻላል? «አይደለም» ብሎ በቅንነት የሚከራከራችሁ ሰው ይኖራል? የሚጎዳው ወይም የሚጠቀመው ሰው ማን እንደሆነ ዓይናችሁ ላይ ይመጣል? አንዱ ከጎደለ ገና ነው። ተመለሱና እንደገና አጥብቡ። እኔ ለሦስተኛ ጊዜ ስወዳደር መጻፍ ከመጀመሬ በፊት ጥያቄውን ብቻ ሳገላብጥ ሁለት ሳምንት ቆይቻለሁ። ጽሑፉ ራሱ ከዚያ በኋላ አሥር ቀን አልፈጀም።

መጻፍና ምንጭ መጥቀስ

ሐሳቡን መጀመሪያ በአማርኛ ጻፉት። ውድድሩ በእንግሊዝኛ ቢሆንም። ክርክሩ በራሳችሁ ቋንቋ ካልቆመ በእንግሊዝኛ አይቆምም፤ እንግሊዝኛው ድክመቱን ይደብቅባችኋል እንጂ።

የሰበር ውሳኔዎችን አትዝለሉ። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት ከአምስት በማያንሱ ዳኞች የሚሰጠው የሕግ ትርጉም በየደረጃው ያሉ ፍርድ ቤቶችን ያስገድዳል። ይህ በአዋጅ ቁጥር 454/1997 የመጣ ነው፤ አሁን ያለውም በአዋጅ ቁጥር 1234/2013 ውስጥ ነው። ውሳኔዎቹ የታተሙባቸው ጥራዞች በነፃ ይገኛሉ። ውሳኔውን ስታነቡ የመዝገብ ቁጥሩን፣ ጭብጡንና ምክንያቱን በአንድ ወረቀት ላይ ጻፉ። ከውጭ አገር የሚወዳደራችሁ ሰው ይሄን በቀላሉ ማንበብ አይችልም፤ በአማርኛ ነው የተጻፈው።

ስለ ቻትጂፒቲና መሰሎቹ ሐሳቤን ልናገር። ሰዋስው ለማረም እጠቀምበታለሁ። ሕግ ለመፈለግ ግን አትመኑት። ያልነበረ መዝገብ ቁጥር ፈጥሮ፣ እውነት አስመስሎ ሊሰጣችሁ ይችላል። ደንቡም ጭራሽ ሊከለክለው ይችላል፤ እዩት። ለአጠቃቀስ ኦስኮላ የሚባለውን የኦክስፎርድ መመሪያ በፒዲኤፍ በነፃ አውርዱ፤ ደንቡ ሌላ ካላዘዘ በቂ ነው። የግርጌ ማስታወሻውን እየጻፋችሁ እዚያው አስገቡ። በኋላ አስገባለሁ ያለ ሰው ገጹን ፍለጋ ሲያድር አይቻለሁ።

ስማችሁን ከፋይሉ ማውጣት

ብዙ ውድድሮች ዳኞቹ ጸሐፊውን ሳያውቁ ነው የሚያነቡት። ስማችሁን ከሽፋኑ ብታጠፉም ፋይሉ ውስጥ ይቀራል። ዎርድ ላይ «ፕሮፐርቲስ» ውስጥ ገብታችሁ የጸሐፊውን ስም አጥፉ። የፋይሉም ስም የእናንተ ስም አይሁን። ምስጋና ገጽ ላይ መምህራችሁንና ዩኒቨርሲቲያችሁን ከጠቀሳችሁም ማንነታችሁ ታወቀ ማለት ነው።

የድጋፍ ደብዳቤ

መምህሩን ቢያንስ ሦስት ሳምንት ቀደም ብላችሁ ጠይቁ። ስትሄዱ ማስታወቂያውን፣ ሲቪያችሁንና በእሳቸው ኮርስ የሠራችሁትን አንድ ወረቀት ይዛችሁ ሂዱ። «ጥሩ ተማሪ ነች» የሚል ደብዳቤ ማንንም አይረዳም። «በውል ሕግ ኮርስ ይሄን ጥያቄ አንስታ በዚህ መንገድ ተከራክራለች» የሚል ግን ይነበባል። መምህሩ ያንን እንዲጽፉ ማስታወስ ያለባችሁ እናንተ ናችሁ፤ በመቶ የሚቆጠር ተማሪ ነው ያላቸው።

ሰው ማወቅ

እኛ ዘንድ «ሰው አለው» ሲባል ትርጉሙ ሌላ ነው። እኔ የምለው ያንን አይደለም። በሙያው ውስጥ ሥራችሁን የሚያውቅ ሰው እንዲኖር ማድረግ ነው የምለው። እሱም ከቅርብ ይጀምራል። ችሎት ለሕዝብ ክፍት ነው፤ በወር ሁለት ቀን ደሴ ፍርድ ቤት ገብታችሁ ተቀመጡ። ዩኒቨርሲቲያችሁ ነፃ የሕግ ድጋፍ ማዕከል ካለው ገብታችሁ አገልግሉ። አቤቱታ ለማጻፍ ከገጠር የመጡ እናት ፊት መቀመጥ የሚያስተምረውን ሴሚናር አያስተምርም። ሴት ተማሪዎች ደግሞ የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማህበርን ሥራ ተከታተሉ። በ1987 ዓ.ም. አካባቢ ከተመሠረተ ጀምሮ ለሴቶች ነፃ የሕግ ድጋፍ ሲሰጥ ኖሯል።

ለማታውቁት ባለሙያ ስትጽፉ «እባክዎ ይርዱኝ» ብቻ አትበሉ። ምን ይመልሱላችሁ? እኔ ተማሪ ሳለሁ የምጠቀምበት ይሄን ይመስል ነበር፦

«ጤና ይስጥልኝ። ደሴ የምገኝ የአራተኛ ዓመት የሕግ ተማሪ ነኝ። በሥራ ላይ አደጋ ዙሪያ የጻፉትን አንብቤዋለሁ። ስለ ማመላለሻ ያነሱት ነጥብ አሠሪው ለትርፍ ሰዓት ባስቀረው ሠራተኛ ላይ ይሠራ እንደሆነ ልጠይቅዎት ፈለግሁ። የራሴን ሐሳብ በአንድ ገጽ አያይዤዋለሁ። ጊዜ ካገኙ አስተያየትዎን በአክብሮት እጠብቃለሁ።»

አጭር ነው፤ መልስ ያለው ጥያቄ አለው፤ ሥራ ተያይዟል። መልስ ካልመጣ ከሁለት ሳምንት በኋላ አንድ ጊዜ ብቻ አስታውሱ። ከመለሱላችሁ ደግሞ ምክራቸውን ተጠቅማችሁ ምን እንዳደረጋችሁ መልሳችሁ ጻፉላቸው። ይሄኛውን ብዙ ሰው ይረሳዋል። እኔ ግን ለዛሬ ሥራዬ የጠቆሙኝን ሰው ያገኘሁት በዚያ ሁለተኛ ደብዳቤ ነው።

ከላካችሁ በኋላ

የማረጋገጫ ኢሜይሉን አስቀምጡ። ካልመጣ በማግስቱ ጠይቁ። ውጤት እስኪነገር ጽሑፉን ፌስቡክ ላይ አትለጥፉት፣ ለጆርናልም አትላኩት፤ ብዙ ደንቦች ቀድሞ የታተመ ሥራ አይቀበሉም። ካላለፋችሁ አስተያየት እንዲሰጧችሁ ጠይቁ። ከዚያ ወረቀቱን አስተካክላችሁ ለመመረቂያ ጽሑፍ መነሻ አድርጉት፤ ወይም ከአገራችን የሕግ ጆርናሎች ወደ አንዱ ላኩት። ሚዛን ሎው ሪቪው እና የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲው የሕግ ጆርናል የቀድሞ እትሞቻቸውን በነፃ ስለሚያስነብቡ፣ ከመላካችሁ በፊት ሁለት ሦስት ጽሑፍ አንብባችሁ የእናንተ ርዝመትና አጠቃቀስ ከነሱ ጋር መሄዱን አመሳክሩ።