ውሃ አልኩሽ እንጂ አሬራ አልኩሽ?

ኮምቦልቻ ላይ ትንሽ ሻይ ቤት ከከፈትኩ ገና ሦስት ሳምንቴ ነበር። አንድ ሽማግሌ የጁምዓ ሶላት ሰግደው መጡና ውሃ ጠየቁኝ። ቀዳሁላቸው። ብርጭቆውን ወደ በሩ ብርሃን አንስተው አዩት፣ አዞሩት፣ መልሰው አዩት።

«ልጄ፣ ውሃ አልኩሽ እንጂ አሬራ አልኩሽ?»

ቤቱ በሳቅ ሞላ። እኔም ሳቅኩ፤ ግን መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ብርጭቆው እኮ ጠዋት በደንብ ታጥቧል! ማታ ሁሉንም አውጥቼ እንደ አዲስ በሳሙና ፈተግኳቸው። ነጋ፤ ያው ነጭ እንደለበሱ ናቸው። እንዲያውም ባሰባቸው።

ያደግኩት ደሴ ነው። እናቴ ብርጭቆ በአመድ አሽታ ስታጥብ መስታወት ይመስል ነበር። እዚህም አመድ ሞከርኩ። አመድ ቅባት ያነሳል፤ ያንን ነጭ ነገር ግን ንክች አያደርገውም። ጥፋቱ የእጄ ሳይሆን የውሃው መሆኑን የነገረኝ ማንቆርቆሪያዬ ነው። ውስጡን ሳየው እንደ ኖራ ያለ ነጭ ቅርፊት ጋግሯል።

ነገሩ እንዲህ ነው። የጉድጓድ ውሃ በድንጋይ መሃል ሲያልፍ ካልሲየምና ማግኒዚየም አሟሙቶ ይዞ ይመጣል። ብርጭቆ ላይ የቀረችው ጠብታ ስትደርቅ ውሃው ይተናል፣ ድንጋዩ ይቀራል። ደረቅ ሳሙና ደግሞ ከዚሁ ጋር ተያይዞ የሚያጣብቅ ነጭ ነገር ይሠራል። ለዚህ ነው ሳሙና ባበዛሁ ቁጥር የባሰብኝ። አሁን የምጠቀመው ፈሳሽ ሳሙና ነው፣ እሱንም በጥቂቱ።

የተጋገረውን የሚያስለቅቀው ኮምጣጣ ነገር ነው። አቼቶና ለብ ያለ ውሃ እኩል በእኩል ሳፋ ውስጥ ቀላቅሉ። ብርጭቆዎቹን አስተኝታችሁ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ተዉአቸው። ከዚያ በስፖንጅ አሸት ማድረግ ነው። በሽቦ አትፈትጉ፤ ሽቦ ይጭራል፣ ነጩ ደግሞ ጭረት ውስጥ ገብቶ ይደበቃል። አቼቶ ከሌለ ሎሚ ለሁለት ሰንጥቃችሁ ከንፈሩንና ጎኑን እሹት፣ አምስት ደቂቃ ቆይታችሁ አለቅልቁት። እኔ ሻይ ላይ ተጨምቆ የተረፈውን ሎሚ አልጥለውም፣ ለዚሁ አጠራቅመዋለሁ።

አቼቶና ቤኪንግ ሶዳ አንድ ላይ የሚያደርጉ ሰዎች አሉ። አረፋው ደስ ይላል፣ እሱን አልክድም። ግን ሁለቱ ተገናኝተው ጉልበታቸውን እርስ በርስ ይጨርሱታል። ሶዳውን ለብቻው፣ ሻይ ለቆት ለሄደው ቡናማ እድፍ አስቀምጡት። እዚያ ላይ ጎበዝ ነው።

አቼቶም ሆነ ሎሚ ከበረኪና ጋር ግን በፍጹም አይገናኙ! የሚወጣው ጋዝ መርዝ ነው፤ ጠባብ ኩሽና ውስጥ ሰው ይጥላል። አፉ ላይ ወርቅ ቅብ ያለውን ብርጭቆም አቼቶ ውስጥ አትዘፍዝፉ። እኔ ቡፌ ውስጥ ከነበሩኝ የሠርግ ብርጭቆዎች የአራቱን ወርቅ የሸኘሁት በዚህ ነው።

ብርሌ ላይ ጣጣው ሌላ ነው፤ አንገቱ ጣት አያስገባም። አማቴ አሸዋ ጨምረው ይንጡ ነበር፣ አሸዋ ግን ብርሌውን ያደበዝዘዋል። እኔ አንድ ጭብጥ ጥሬ ሩዝና ትንሽ ለብ ያለ አቼቶ አስገብቼ አንገቱን በመዳፌ ይዤ እንጠዋለሁ። ሩዙ ጥጋጥጉን ሁሉ ይደርስበታል። ሲያልቅ ለዶሮ አይሰጥም፣ ይደፋል።

ይህ ሁሉ ግን የደረሰውን ማስለቀቅ ነው። ዋናው ሥራ ውሃው ብርጭቆ ላይ እንዳይደርቅ ማድረግ ነው። ታጥቦ ማንጠፍጠፊያ ላይ የተተወ ብርጭቆ በራሱ እስኪደርቅ ከጠበቃችሁት አለቀ፣ ነጠብጣቡን ይዞ ነው የሚጠብቃችሁ። እርጥብ ሳለ፣ ወዲያው በጨርቅ ይደረቅ። ጨርቁ ያረጀ ነጠላ ቢሆን ይመረጣል፤ ብዙ ታጥቦ የለሰለሰ ጥጥ ውሃ ይጠጣል፣ ብናኝም አይተውም። አዲስ ፎጣ ፀጉሩን ያራግፍባችኋል። እኔ ሁለት ቁራጭ አለኝ፤ አንዱ ውሃውን ይመጥጣል፣ ሌላው ያብረቀርቃል።

ለመጨረሻው ማለቅለቂያ ማታ ውሃ አፍልቼ አሳድረዋለሁ። ሲፈላ ከድንጋዩ የተወሰነው ወደ ታች ይዘቅጣል። ጠዋት ዝቃጩን ሳልነቀንቅ የላይኛውን ብቻ እቀዳለሁ። ብርጭቆውን በቧንቧ ውሃ ካለቀለቅኩ በኋላ እዚህ ውስጥ አንዴ ነከር፣ ከዚያ ወደ ነጠላው።

ሐምሌና ነሐሴ ላይ ደግሞ አብሽሩ፣ ሰማዩ ራሱ ያግዛል። የዝናብ ውሃ ድንጋይ ውስጥ አላለፈምና ነጭ አይተውም። መጀመሪያ የሚወርደው የቆርቆሮውን አቧራ አጥቦ ይሂድ፣ በርሜሉ ከዚያ በኋላ ይደገን። ጣሪያው ላይ ወፍም ርግብም ስለሚያርፍ እኔ አፍልቼ ነው የምጠቀምበት።

አንዳንድ ብርጭቆ ይህ ሁሉ ተደርጎለትም አይጠራም። ሎሚ ጠብ አድርጉበትና አምስት ደቂቃ ቆይታችሁ ጥረጉት። ያ ቦታ ከጠራ የውሃ ድንጋይ ነበር ማለት ነው፤ ቀጥሉ። ካልጠራ መስታወቱ ራሱ ተበልቷል፤ አቼቶ አታባክኑበት። የሽማግሌው ብርጭቆ እንዲህ ሆኖ ተገኘ። አሁን ረከቦቱ አጠገብ ጤና አዳም ይዞ ይቀመጣል። እሳቸውም አሁንም ጁምዓ ጁምዓ ይመጣሉ፤ ውሃ ስሰጣቸው መጀመሪያ ወደ በሩ ያነሱታል።