ሞረድ የማይበላውን ብረት እንዴት እንዳለሰለስኩት

የመጀመሪያ ቢላዬን የሠራሁት ካረጀ ሞረድ ነው። ብረቱ ምርጥ ነው፤ ግን ጠንካራነቱ ለጉድ ነው። ሌላ ሞረድ ሳስኬድበት ይንሸራተታል፤ ሲጢጥ ይላል እንጂ ብናኝ የለም። የብረት መጋዙም ጥርሱ አለቀ።

መፍትሔው እሳት ሆነ። ከሰል ውስጥ ከትቼ ቀይ እስኪሆን አጋልኩት። ማግኔት እዚህ ላይ ትልቅ አጋዥ ነው፦ ብረቱ ወደ 770 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲደርስ ማግኔት አይስበውም። ከዚያ ትንሽ ጨምሬ አግዬ ደረቅ አመድ ውስጥ ቀበርኩት፤ እስከ ጠዋት አልነካሁትም። የሚያለሰልሰው ቀስ ብሎ መቀዝቀዙ ነው። ጠዋት ሞርሳ ላይ አስሬ ስሞርደው ብናኙ ዝርግፍ አለ። ደስ ሲል!

ቅርጹን አወጣሁ፤ የእጀታውንም ቀዳዳ በሳሁ። ቀዳዳው አሁን ካልተበሳ በኋላ አይሞከርም። የስለቱን ጠርዝ 1 ሚሊ ሜትር ያህል ተውኩለት፤ ከሳሳ ሲጠነክር ይጣመማል ወይም ይሰነጠቃል።

ብረቱ ተመልሶ እንዲጠነክር እንደገና አግዬ ሞቅ ያለ የምግብ ዘይት ውስጥ ነከርኩት። ዘይቱ እሳት ሊይዝ ስለሚችል ክዳን ያለው የብረት ዕቃ ይሁን፤ ሥራውም ደጅ። አሁን ብረቱ እንደ ብርጭቆ ተሰባሪ ስለሆነ፣ አጽድቼ ወዲያው 200 ዲግሪ ኦቨን ውስጥ 2 ሰዓት አቆየሁት። የገለባ ቀለም ሲይዝ ደርሷል። የቀረው የእንጨት እጀታና መሳል ብቻ ነው።